ጸሎትና ጥናት

በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። እኅቴም ካልቀናቸው አንዷ ነበረች። ሆኖም ተስፋ ሳትቆርጥ በ2015 ዓ.ም. እንደ ገና ለመፈተን ተነሣች።

እናታችን በየሌሊቱ እየተነሣች ትጸልይላት ነበር። አንድ ቀን፣ «እግዚአብሔር የሒሳቡን መልስ ይነግራታልን?» ብዬ ጠየቅኋት። «ልጄ፣ ያጠናችው በፍርሃት እንዳይጠፋባት ነው የምለምነው» አለችኝ። እኅቴም የእናታችንን ድምፅ ስትሰማ ተነሥታ መጽሐፏን ትገልጥ ነበር።

ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲያድሩ ስልክ መያዝ ክልክል ነበርና፣ በእነዚያ ቀኖች ከቤታችን የሚላክላት ጸሎት ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት አለፈች።

እነሆ ዘንድሮ ተራው የእኛ ነው። ወላጆቻችን ሆይ፣ ጸልዩልን፤ እኛም እንተጋለን።