ቅጣት ከፍዬ የቀረሁባቸው ቀብሮች

አባቴ ያረፈው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ለእድራችን ሰብሳቢ ደውዬ «ጋሼ፣ አባዬ አረፈ» ከማለት በቀር ያደረግኩት ነገር አልነበረም። ጎህ ሲቀድ ጥሩምባ ተነፋ። ረፋድ ላይ ድንኳኑ ተተክሎ፣ አግዳሚው ተደርድሮ፣ ሴቶቹ ድስታቸውን አምጥተው ንፍሮ ጥደው ነበር።

በእድሩ አባልነት በቆየሁባቸው ስድስት ዓመታት መዋጮዬን አንድ ወር አላጓደልኩም፤ ቀብር ግን አንድም ቀን አልወጣሁም። ስም ሲጠራ የለሁም፣ ቅጣቴን ግን እከፍላለሁ። ሥራ አለኝ፣ ጊዜዬ የራሴ ነው፣ ሕጉ ካለው በላይ ማንም አይጠይቀኝም እል ነበር። በዚያች ጥቂት ብር ነፃነቴን የገዛሁ ይመስለኝ ነበር።

በሰልስቱ ዋዜማ አንዲት እትዬ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ባለቤታቸው ሲያርፉ ቅጣት ከፍዬ የቀረሁባቸው ናቸው። ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል አላነሱም። «እህል ቅመስ እንጂ ልጄ» ብለው ሳህኑን ወደኔ አስጠጉልኝ። እስካሁን ያ ሳህን ከዓይኔ አልጠፋም።

ከዚያ ወዲህ ስለ እድር ብዙ አስባለሁ። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ እድር ያቋቋሙት ሰዎች አብዛኞቹ ዘመዳቸውን አገር ቤት ትተው የመጡ ነበሩ። ቢሞቱ ቀባሪ አልነበራቸውም። ስለዚህ ደንብ ጽፈው፣ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መርጠው፣ የማይተዋወቁ ሰዎች እርስ በርስ ቀባሪ ሆኑ። ዘመድ አይመረጥም፤ እድር ግን ተመዝግበህ ትገባለህ፣ ካልፈለግህም ትወጣለህ። የሰፈሬ እድር የት እንደምጸልይ፣ ማንን እንዳገባሁ፣ ምን እንደማስብ ጠይቆኝ አያውቅም። ከመዋጮው በቀር የጠየቀኝ እግሬን ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ የነፈግሁት እሱኑ ነው። እንደ እነዚያ መሥራቾች ከዘመድ ርቀው ዋሽንግተን ያሉ ወገኖቻችን እንኳ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ እድር ማቋቋማቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

እድር ግን አይበድልም አልልም። ለኔ የማክያቶ ዋጋ የሆነው ቅጣት ጉልት ቸርችራ ለምታድረው ጎረቤቴ የልጆቿ እራት ነው። ቅጣቱን ፈርታ ቀብር ብትውል ደግሞ የዕለቱን ሽያጭ ታጣለች። ደንቡ ለሁላችን አንድ ነው፤ ሸክሙ ግን አንድ አይደለም። ይህን «ባህላችን ነው» ብሎ ማለፍ ትክክል አይመስለኝም፤ ደንቡን የጻፍነው እኛው ነንና። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ድንኳን ከሰፈር ሰፈር ሲያዞር፣ ሞት ብቻ ይጠብቁ የነበሩ ብዙ እድሮች የታመመ አባላቸውን መጠየቅና ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት ጀምረዋል። ያኔ ደንብ ማሻሻል ከተቻለ ዛሬም ይቻላል።

የፊታችን እሁድ ጠቅላላ ስብሰባችን ነው። ሁለት ሐሳብ ይዤ እገባለሁ፤ የዕለት ጉርሱን ሊፈልግ ከቀብር የቀረ ሰው እንዳይቀጣ፣ እንደኔ ያለው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በገንዘብ እንዳያመልጥ። የእድራችን አባላት የሆናችሁ ጎረቤቶቼ፣ እባካችሁ እሁድ አትቅሩ።