ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላ

በ2011 ዓ.ም. ክረምት በትንኝ የሚተላለፈው የቺኩንጉንያ ቫይረስ ድሬዳዋ ሲገባ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልጋ ላይ ጣለ። በአንድ ግቢ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይወድቅ ነበር። የወረርሽኝ ሪፖርት የሚቆጥረው ግን አዲስ የታመመውን ነው። ትኩሳቱ ለቆት፣ ከወራት በኋላም ደረጃ መውረድ የሚያቅተው ሰው ከቆጠራው ውጭ ይቀራል።

* * *

ትንኟ ከነከሰች በኋላ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ሽፍታ፣ ከሁሉም በላይ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት። ጣትን፣ የእጅ አንጓንና ቁርጭምጭሚትን አጥብቆ ይይዛል። ብዙ ሰው በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል። የማይናቅ ቁጥር ያለው ግን ለወራት፣ አንዳንዱም ለዓመታት ይሰቃያል። ዕድሜው የገፋ፣ ቀድሞም የመገጣጠሚያ ሕመም የነበረበት፣ መጀመሪያ ላይ የጠናበት ሰው ይበልጥ ይጎዳል።

* * *

ሕመሙ ጠዋት ይብሳል። አንዲት እናት ለብ ባለ ውሃ እጃቸውን ነክረው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ሲያፍታቱ አይቻለሁ። የጀሪካኑን ክዳን የምትከፍትላቸው የጎረቤት ልጅ ናት። ሊጥ ማቡካት ትተዋል። ረፋዱ ላይ ሰውነታቸው ሲፍታታ ያገኛቸው ሰው ግን «ተመስገን፣ ድነዋል እኮ!» ብሏቸው ያልፋል። የጠዋቱን ያላየ ሰው በቀኑ ባይፈርድ መልካም ነው።

* * *

ቤት ውስጥ «ብርድ ነው»፣ «ነርቭ ነው» ይባላል። ጤና ጣቢያ ሲኬድ የወባና የታይፎይድ ምርመራ ይታዘዛል፤ ውጤቱ ነጻ ከሆነ «ምንም የለብህም» ተብሎ ይሸኛል። ወባ የለበትም ማለት ሕመም የለበትም ማለት አይደለም። «ባለፉት ወራት ትኩሳት ይዞህ ነበር? ከቤተሰብስ ሌላ የታመመ አለ?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ምንም ወጪ የላቸውም፤ በሽተኛውን ግን ከብዙ መንከራተት ያድኑታል።

* * *

ለቫይረሱ የተለየ ፈዋሽ መድኃኒት የለም። ሕክምናው ሕመሙን ማስታገስ፣ ዕረፍትና ፈሳሽ ነው። እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። ደንጊም በድሬዳዋ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፣ ሁለቱን በሽታዎች የምታስተላልፈው ያችው ትንኝ ናት። ደንጊ ደም ሊያፈስ ስለሚችል፣ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ትኩሳት ያለበት ሰው ፓራሲታሞል እንጂ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን መውሰድ የለበትም። ትኩሳቱ አልፎ ቁርጥማቱ ሲቆይ ደግሞ መድኃኒቱን ሐኪም ይምረጥ። ጎረቤትን ያሻለ መርፌ የሌላውን ጨጓራና ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል።

* * *

ይህች ትንኝ የምትናደፈው በአብዛኛው በቀን ነው፤ ለሌሊት የተዘረጋ አጎበር ብቻውን አይበቃም። እንቁላሏን የምትጥለው በበርሜሉ የውስጥ ግድግዳ ላይ፣ ከውሃው ጠርዝ ከፍ ብላ ነው። እንቁላሉ ለወራት ደርቆ ይቆይና ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። ስለዚህ በርሜሉን መድፋት ብቻውን አይበቃም፤ በየሳምንቱ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጎ ማጠብና መክደን ያስፈልጋል። የተጣለ ጎማና ጣሳም እንዲሁ መወገድ አለበት።

* * *

ይሁን እንጂ እናቶችን «ውሃ ለምን አጠራቀማችሁ?» ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። ቧንቧው በየቀኑ የማይመጣበት ሰፈር በርሜል ሳይሞላ አያድርም። የጣት ቁርጥማት መከላከያው ከፋርማሲ በፊት ከቧንቧ ይጀምራል። የውሃ መሥሪያ ቤትም እንደ ጤና ቢሮው ሁሉ በዚህ በሽታ ይጠየቃል።

* * *

በሕንድ ውቅያኖስ በምትገኘው በሬዩኒየን ደሴት በ1998 ዓ.ም. ገደማ በተነሳው ወረርሽኝ ከነዋሪው አንድ ሦስተኛ የሚሆነው ተይዞ ነበር። የዚያ አገር ተመራማሪዎች ትኩሳቱ ሲበርድ ሥራቸውን አላቆሙም፤ ከዓመታት በኋላም ሕሙማኑን ፈልገው «ዛሬስ እንዴት ናችሁ?» ብለው ጠየቁ። ሕመሙ ምን ያህል እንደሚቆይ ዓለም ካወቀባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ጥየቃ ነው።

* * *

የእኛም ሕሙማን ይጠየቁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወረርሽኝ ያለፈባቸውን ቤቶች ከ3 ወር፣ ከ6 ወርና ከዓመት በኋላ ተመልሰው ያንኳኩ፤ የቀረውን ሕመም ይመዝግቡ። አሠሪዎችም ሠራተኛው እስኪጠነክር ቀላል ሥራ ይስጡት። ቤተሰብ ደግሞ «አመመኝ» ያለውን ይመን። ቺኩንጉንያ እምብዛም አይገድልም፤ በእጁ ሠርቶ የሚያድረውን ሰው ግን እጁን ይይዘዋል። ይህን ጉዳት ያልቆጠረ የወረርሽኝ ዘገባ ሙሉ አይባልም።