ከፍታውን ተዉትና ጎማውን እዩ

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ራቭ ፎር ወይም ቪታራ የያዘ ወገናችን አንድ ቀን ጋራዥ ገብቶ «ከፍ አድርጉልኝ» ማለቱ አይቀርም። እኛም ከቤተሰብ ሦስት ሆነን ወደ ዲኪልና አስ ኤይላ፣ አንዳንዴም ወደ ታጁራ ዕቃ የምናደርሰው በአንዲት ራቭ ፎር ስለሆነ ምክሩ ከየአቅጣጫው ይደርሰናል። ረጅም ሞላ አስገቡ፣ ትልቅ ጎማ ግጠሙ፣ ጣሪያው ላይ መብራት ደርድሩ። ፎቶው ያምራል። ገንዘባችንን ግን ሌላ ቦታ ነው ያዋልነው።

መጀመሪያ መኪናዋን ማወቅ ነው። ሱዙኪ ጂምኒና የድሮዋ ቪታራ እንደ ትልልቆቹ ሻንሲ አላቸው፤ ዝግ ብሎ በጉልበት የሚሄድ ተጨማሪ ማርሽም አላቸው። ራቭ ፎር ይህ የላትም። ከ2006 ሞዴል ወዲህ ያሉት በተለመደው መንገድ የሚሄዱት በፊት ጎማ ነው፤ የፊቱ ሲንሸራተት መሐል ላይ ያለው ማገናኛ ይይዝና የኋላውን ያግዘዋል። ማገናኛው አሸዋ ውስጥ ብዙ ከታገለ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ ራሱን ለማዳን የኋላ ጎማዎቹን ይለቃቸዋል። ስለዚህ አሸዋ ላይ ነዳጅ እየረገጡ ማጓራት ትርፉ መቀበር ነው።

ይኸው ማገናኛ ሌላም ጠላት አለው፤ እሱም እኛ ነጋዴዎች የምንወደው ርካሽ ጎማ ነው። ሁለት አዲስ ከፊት፣ ሁለት ያለቀ ከኋላ ሲሆን የጎማዎቹ ዙሪያ አይመሳሰልም። መኪናዋም አስፋልት ላይ እየሄደች ተንሸራተትኩ ብላ ታስባለች፤ ማገናኛው ዕረፍት አያገኝም። አራቱም አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠን፣ ተቀራራቢ ጥርስ ይሁኑ። ከዚህ የተሻለ ማሻሻያ አናውቅም።

ከአውሮፓ በሚመጡ ያገለገሉ ጎማዎች መካከል ጎናቸው ላይ የተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ያለባቸው ይገኛሉ። እነዚህ ለበረዶ አገር የተሠሩ ናቸው። ላስቲካቸው በብርድ እንዳይደርቅ ለስላሳ ተደርጓል፤ ካናዳ ያሉ ዘመዶቻችን ክረምት ሲገባ የሚቀይሩት ይህንኑ ነው። ለእነሱ ሕይወት አዳኝ ነው። የጅቡቲ በጋ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚያነደው አስፋልት ላይ ግን ቶሎ ያልቃል፣ ጭነት ሲበዛበትም መሪው ይዋልላል። ጥርሱ ጥልቅ ስለሆነ «አዲስ ነው» ተብሎ ይሸጣል። ጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮችም አንብቡ፤ 2319 ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው።

አዋሽ ወደሚጠፋበት ወደ አቤ ሐይቅ ስንወርድ አሸዋው ከመጀመሩ በፊት ንፋሱን ከ32 ወደ 20 ገደማ እናወርዳለን። ጎማው ይሰፋል፣ አይቆፍርም። አስፋልት ስንደርስ በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ፖምፓ መልሰን እንሞላለን፤ ያልተሞላ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ግሎ ይፈነዳልና። ግራንድ ባራ ሜዳ ግን ሌላ ነገር ነው። ደረቅ ሲሆን ጠረጴዛ ነው፤ ዝናብ ከነካው ጭቃው ሳሙና ይሆናል። እዚያ ፎር ዊልም አያዋጣም፣ ከአስፋልቱ አለመውረድ ነው።

የእሳተ ገሞራው ጥቁር ድንጋይ የዘይቱን ኮፓ እንዳይቀድደው ባልባላ ካለ በያጅ ዘንድ የብረት ሳህን አሠርተናል፤ ሙቀት እንዲወጣና ዘይት ለመቀየር እንዲመች ቀዳዳ ያለው። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ገደማ ዝቅ ካለው ከአሳል ሐይቅ በተመለስን ቁጥር ሥሯን በንጹሕ ውኃ እናጥባለን፤ ጨው ብረት አይምርም። ራዲያተሯም ከአቧራ ይጸዳል፣ ዳገቱ ላይ ሙቀቱ ከጨመረ ኤሲ ይጠፋል።

ከፍ ማድረጉን የተውነው ለዚህ ነው፦ ሞላው ሲረዝም ወደ ጎማው ኃይል የሚያደርሱት ዘንጎች ይጣመማሉ፣ ላስቲካቸው ይቀደዳል፤ ፖርቶመጋላው ላይ ዕቃ ተጭኖ ደግሞ የበጋው ንፋስ ከጎን ሲመታት ትንሽ ከፍታም ብዙ ነው። ለማንኛውም ከመንካታችሁ በፊት ኢንሹራንሳችሁን ጠይቁ።

ለሞላና ለመብራት ሊወጣ ከነበረው ሁለተኛ ሲኮርታ ጎማና ባለ 20 ሊትር ሦስት ጄሪካን ገዛን። ጄሪካኖቹ የሚቀመጡት ጣሪያ ላይ ሳይሆን ከኋላ ወንበሩ ሥር፣ ወለሉ ላይ ታስረው ነው። ሁለቱ የእኛና የራዲያተሩ ናቸው። ሦስተኛውን እናታችን «የመንገደኛ» ትለዋለች። በታጁራ መስመር ያለፈ ሁሉ ያውቃል፤ ወደ ኦቦክ፣ ከዚያም ወደ የመን ለመሻገር በእግራቸው የሚሄዱ የአገራችን ልጆች የግራር ጥላ ሥር ተኝተው ይታያሉ። ማሳፈር በሕግ ያስጠይቃል። ውኃ ግን እንሰጣለን፤ አንዳንዶቹ ከየት ቀበሌ እንደመጡ በአማርኛ ይነግሩናል፣ አንዳንዶቹ ለመናገርም አቅም የላቸውም። በዚያ መስመር ሄደን ሦስተኛው ጄሪካን ሞልቶ የተመለሰበት ቀን የለም።