የአባቴ ቀበቶ

የዘንድሮው ቅዳሜ ሹር የጀመረው በቢላ ወቀሳ ነው። ባለቤቴ የዶሮ ወጡን ሽንኩርት ትከትፋለች። "ይሄ ቢላ ሽንኩርቱን ይጨፈልቀዋል እንጂ አይቆርጠውም" አለችኝ፣ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች። እውነቷን ነው። የደነዘ ቢላ ሽንኩርቱን ስለሚያደቀው ዓይን የሚያቃጥለው ነገር ይበልጥ ይወጣል። እንባዋ የሽንኩርቱ ብቻ ሳይሆን የእኔም ስንፍና ውጤት ነበር።

በእኛ በሥላሴ ሰፈር በዓል ሲቃረብ "ቢላ የሚያስል!" የሚል ድምፅ ይሰማል። ሰውዬው ፔዳሉን ሲረግጥ ድንጋዩ ይሽከረከራል፣ ብልጭታው ይረጫል፣ ልጆች ይከቡታል። ዘንድሮ ጠብቄ ጠብቄ ሳጣው መሳያ ድንጋዬን አውጥቼ ደጅ ቁጭ አልኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሳልኩት። ጣቴን ባስኬድበት ይሻክራል፤ ሽንኩርቱ ላይ ሲደርስ ግን ያው ይንሸራተታል።

በዚህ መሀል ልጄ የ9 ዓመት ልጁን ይዞ መጣ። የልጅ ልጄ ከቤተ ክርስቲያን ያገኘውን ቀጤማ ራሱ ላይ አስሯል። ልጄ የብረታ ብረት ባለሙያ ነው። ቢላውን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አዞረው።

"አባዬ፣ ስለቱስ መጥቷል፤ ጫፉ ላይ ግን የታጠፈ ብረት አለ" አለኝ።

ድንጋይ ብረቱን ሲበላው እንደ ክር የቀጠነ ብረት ጫፉ ላይ ይቀርና ወደ አንድ ጎን ይታጠፋል። ጣቴን የሻከረኝ እሱ ነበር። እሱን የሚያነሳው ቆዳ ነው። እነሱ ወርክሾፕ ውስጥ ከግራይንደሩ ላይ የብርጭቆ ወረቀቱን ቺንጊያ አውልቀው የቆዳ ቺንጊያ ይገጥሙና አረንጓዴ ማለስለሻ ይቀቡታል። ቢላው እንደ መስታወት ፊት እስኪያሳይ ይወለወላል። ሁለት ነገር ግን አጥብቀው ይጠነቀቃሉ። አንደኛው አቅጣጫ ነው፤ ስለቱ ቺንጊያው ወደሚሄድበት መዞር አለበት። ፊት ለፊት ከተጋጠመ ቆዳውን ይነክስና ቢላው ከእጅ ይወረወራል። ሁለተኛው ሙቀት ነው፤ ስለቱ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ የብረቱ ጥንካሬ ሄዷል፤ ከዚያ በኋላ ቶሎ ቶሎ ይደነዝዛል።

"ለቤት ቢላ ደግሞ ማሽንም አያስፈልግ፤ አሮጌ የቆዳ ቀበቶ ይበቃል" አለ።

ምንም ሳላስብ ተነስቼ ከቁም ሳጥኑ ጎን፣ ከምስማሩ ላይ፣ የአባቴን ቀበቶ አመጣሁ።

ልጄ ሲያየው ዝም አለ። እጁ ልጁን ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ራሱ ሳብ አደረገው። ያደረገውን ያወቀ አይመስለኝም።

ቀበቶው ሰፊ፣ ቡናማ፣ ዘለበቱ ከባድ ነው። አባቴን አንቱ ነበር የምንላቸው። በዚያ ዘመን የፒያሳ ፀጉር አስተካካዮች ምላጫቸውን ከወንበሩ ጎን በተንጠለጠለ ቆዳ ላይ ያፋጩ ነበር። አባቴም ከእነሱ አይተው ቅዳሜ ማታ የጢም ምላጫቸውን በዚህ ቀበቶ ይስሉ ነበር። ምላጩ ቆዳው ላይ ሲመላለስ የሚያሰማውን ድምፅ እወደው ነበር። ሌላም ድምፅ ነበር፤ የዘለበቱ። ያን ስንሰማ እኔና ወንድሞቼ አልጋ ስር እንገባለን።

እሳቸው ሲያርፉ ቀበቶው ለእኔ ደረሰኝ። ልጄን አልመታበትም ብዬ ነበር። አንድ ቀን፣ እሱም 9 ዓመቱ ሳለ፣ ለቤት ኪራይ ያስቀመጥኩት ገንዘብ ጠፋ። ሳልጠይቀው ቀበቶውን አነሳሁ። በማግስቱ ገንዘቡን ከሌላ ኮቴ ኪስ ውስጥ አገኘሁት። አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅምና ከረሜላ ገዝቼ ሰጠሁት። ነገሩ በዚያው የተዘጋ መስሎኝ 30 ዓመት ያህል ኖርኩ።

"አልረሳኸውም" አልኩት።

"የረሳሁት መስሎኝ ነበር።"

"ገንዘቡ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር።"

"አውቃለሁ፤ እማዬ ያኔውኑ ነግራኛለች። አንተ እስክትነግረኝ ነበር የጠበቅኩት።"

ልጁ እየሰማ ይቅርታ ጠየቅኩት። ቃሉ አጭር ነው፤ ከአፌ እስኪወጣ ግን ከብዶኝ ነበር። መልስ አልሰጠኝም። ጥቂት ቆይቶ "ጉጠት አለህ?" አለኝ። ዘለበቱን ነቀለው፤ ቀበቶውንም ሻካራ ጎኑን ወደ ላይ አድርጎ ጣውላ ላይ በምስማር መታው።

ከዚያ አሳየኝ። ቢላውን ወደ 20 ዲግሪ ያህል አጋድሎ፣ ጀርባውን አስቀድሞ ስለቱን እያስከተለ ይጎትተዋል፤ በስለቱ በኩል ከገፉት ቆዳውን ይቆርጣል። ጣውላው ጫፍ ሲደርስ በጀርባው በኩል ገልብጦ ይመልሰዋል። "አትጫነው" አለኝ። ከተጫኑት ቆዳው ይሰምጥና መልሶ ስለቱን ያዶለዱመዋል። 10 ጊዜ እሱ፣ 10 ጊዜ እኔ። የልጅ ልጄ ራቅ ብሎ ቆሞ ጮክ እያለ ይቆጥርልናል። ያ የምወደው ድምፅ ተመለሰ።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ከደነገገ ቆይቷል። ቤታችን ውስጥ ምስማሩ ላይ የሚሰቀለውን የምንወስነው ግን እኛው ነን። እኔ የአባቴን ቀበቶ ያስቀመጥኩት ለመታሰቢያቸው ነበር። ለልጄ የምን መታሰቢያ እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ዕቃ ካለ፣ ልጆቻችሁ ሲያዩት ምን እንደሚታያቸው ጠይቁ።

ማታ ባለቤቴ የዶሮውን 12 ብልት ስታወጣ ቢላው እጇ ላይ ቀለላት። "አዲስ ቢላ ገዛችሁ እንዴ?" አለች።

"አይ እማማ" አላት የልጅ ልጄ፣ "በአባባ የቢላ ማለስለሻ ሳልነው እኮ!"

ቀበቶ አላለውም።