«ቦርዱ ተቃጥሏል» ከማለታችሁ በፊት

ኮምፒውተሩ ትናንት ማታ ይሠራ ነበር። ዛሬ ራም ተጨመረለት፣ ወይም ግራፊክስ ካርድ ተገጠመለት፣ ወይም አሮጌው ሃርድ ዲስክ ወጥቶ ኤስኤስዲ ገባለት። ከዚያ በኋላ ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ከየካ ሚካኤል እስከ መገናኛ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ፣ እንዲህ ላለው ማሽን ቶሎ የሚሰጠው ፍርድ «ቦርዱ ተቃጥሏል» የሚል ነው። ፍርዱን የሚሰጠው ጎረቤት ሊሆን ይችላል፣ የቴሌግራም ግሩፕ ሊሆን ይችላል፣ ሥራ የበዛበት ባለሙያ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም የደነገጠው ባለቤት ራሱ ነው። እኔ የምለው ይህ ፍርድ የሚሰጠው ሳንቲም የማያስወጣው፣ ግን ከሁሉም ይበልጥ የሚናገረው ፈተና ሳይደረግ ነው። ፈተናው አዲሱን ዕቃ ነቅሎ፣ አሮጌውን ወደ ቦታው መልሶ፣ ማሽኑን ልክ ትናንት በነበረበት ሁኔታ ማስነሳት ነው።

ነገሩ ቀላል የሚመስለው ካለ ዋጋውን ያስብ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ 100 ብርን አልፎ ሄደ። ራሙም፣ ካርዱም፣ ቦርዱም ከውጭ የሚገባ ነውና ያ ልዩነት ቀጥታ ገዢው ላይ አርፏል። በዚያ ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። በየቤቱ ካሉት ማሽኖች ብዙዎቹ ደግሞ የውጭ አገር ቢሮዎች ተጠቅመውባቸው በዩዝድ የገቡ ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኤሊትዴስክ ናቸው። አዲስ መግዛት ያልቻለ ቤተሰብ ያለውን ማሽን ራምና ኤስኤስዲ ጨምሮ ማቆየቱ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። እዚህ ላይ ያለ ማስረጃ «ቦርድ ይቀየር» ሲባል ጉዳቱ በአንድ ዕቃ አያበቃም፤ ለአሮጌው ፕሮሰሰርና ለአሮጌው ራም የሚሆን ቦርድ በቀላሉ ስለማይገኝ ነገሩ ሙሉ ማሽን ወደ መግዛት ይሄዳል። የልጆች ትምህርት የሚሠራበት ኮምፒውተር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጣላል ማለት ነው።

ማሽኑ እስከተከፈተበት ደቂቃ ድረስ ይሠራ ከነበረ፣ በትናንትና በዛሬ መካከል የተለወጠው ሰው ከፍቶት ዕቃ ማስገባቱ ብቻ ነው። ጥርጣሬ መጀመሪያ ማረፍ ያለበት እዚያ ላይ ነው። አዲስ ዕቃ ማሽንን እንዳይነሳ የሚያደርግባቸው መንገዶች አብዛኞቹ ደግሞ ከመቃጠል ጋር ዝምድና የላቸውም። ራሙ በአንድ ጫፉ ቀጭ ሳይል ይቀራል። ለፕሮሰሰሩ ለብቻው የሚሄደው ባለ 4 ወይም ባለ 8 ፒን ገመድ በሥራ መሀል ይነቀልና ይረሳል፤ ያኔ ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ባዶ ይሆናል። ግራፊክስ ካርድ ገብቶ የሞኒተሩ ኬብል ግን የቦርዱ ሶኬት ላይ እንደተሰካ ይቀራል። አሮጌውን ሁኔታ መልሳችሁ ማሽኑ ከተነሳ ቦርዱ፣ ፕሮሰሰሩ፣ አሮጌው ራምና ፓወር ሰፕላዩ በአንድ ጊዜ ከመቃጠል ጥርጣሬ ነጻ ይወጣሉ፤ ጥያቄው ወደ አንድ ዕቃ ይጠባል። ካልተነሳም የሚቀጥለው መንገድ ግልጽ ነው፦ በእጅ የተነካውን ገመድ ሁሉ ነቅሎ እንደገና መሰካት፣ ከዚያም ዲስኮቹንና ካርዱን አውጥቶ በአንድ ራም ብቻ መሞከር። በላጲስ የራሙን እግሮች ማሸት በከተማችን የታወቀ መድኃኒት ነው፤ ይሠራልም። እኔ ግን ከማሸቱ ይልቅ ነቅሎ በደንብ መሰካቱ ብዙውን ሥራ ይሠራል ባይ ነኝ።

ጤነኛ ዕቃ ከጤነኛ ቦርድ ጋር ተገናኝቶ እንደሞተ ማሽን መሆን እንደሚችል የሚጠራጠር ካለ አምራቾቹን ይመልከት። በ2018 እ.ኤ.አ. ኤኤምዲ ግራፊክስ ያላቸውን አዲስ የራይዘን ፕሮሰሰሮች ሲያወጣ፣ ቀድሞ በተመረቱ ቦርዶች ላይ ተገጥመው አልነሳ አሉ። የተበላሸ ነገር አልነበረም፤ የቦርዱ ባዮስ፣ ማለትም የማስነሻ ፕሮግራሙ፣ አዲሱን ፕሮሰሰር አያውቀውም ነበር። ኩባንያው ባዮሱን ማደስ እንዲችሉ ለደንበኞቹ ሌላ ፕሮሰሰር በነጻ እስከ ማዋስ ደረሰ። በራምም እንዲሁ ነው። ዲዲአር3 ባለ 240 ፒን፣ ዲዲአር4 ባለ 288 ፒን ሲሆን የመሀል ክፍተታቸው ቦታ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም፤ የሚያሳስተው ገብቶ የማይሠራው ነው። ለሰርቨር የተሠራው «ሬጅስተርድ» የሚባለው ራም በመጠን ትልቅ፣ በዋጋ ርካሽ ሆኖ ይገኛል፤ ስሎቱ ውስጥ በትክክል ይገባል፣ የቤት ኮምፒውተር ግን ከእሱ ጋር አይነሳም። ዲዲአር5 የሚጠቀሙ አዳዲስ ማሽኖች ደግሞ ራም ሲቀየርላቸው መጀመሪያ ራሳቸውን ከአዲሱ ራም ጋር እያስተካከሉ ለደቂቃዎች ጥቁር ስክሪን ሊያሳዩ ይችላሉ። በዚያች ሰዓት ትዕግሥት አጥቶ መብራቱን የነቀለ ሰው ጤነኛ ማሽን ይዞ ጥገና ቤት ይሄዳል።

ስለ ኃይል ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ የእኛ ሰፈርና የሌላው ዓለም መመሪያ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነውና። ግራፊክስ ካርድ ከስሎቱ የሚያገኘው እስከ 75 ዋት ነው፤ ከዚያ በላይ የሚፈልገውን በባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ገመድ ከፓወር ሰፕላዩ ይወስዳል። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 በታወር መልኩ 290 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይዞ ነው የተሠራው፤ ከባድ ካርድ ተጭኖበት ቢጠፋ ወይም አልነሳ ቢል ልኩን ማወቁ ነው። ትልቅ ፓወር ሰፕላይ ልግዛ የሚል ሰውም ይጠንቀቅ፦ የዚህ ማሽን ፓወር ሰፕላይ ከቦርዱ ጋር የሚገናኘው በባለ 8 ፒን ሶኬት ነው፣ ኤሊትዴስክ 800 የመጀመሪያው ትውልድ ደግሞ በባለ 6 ፒን፤ ሱቅ ላይ ያለው የተለመደ ፓወር ሰፕላይ ግን ባለ 24 ፒን ነው። መሸጋገሪያ ገመድ ሳይገዙ ቤት የደረሱ ሰዎች በከንቱ ተመልሰዋል።

ከዚያ የግድግዳው ሶኬት ይመጣል። በቆዩ ግቢዎች ብዙ ቤት ኧርዝ አልተዘረጋለትም፤ ቢዘረጋለትም በመሀል ያለው ዲቫይደር ይቆርጠዋል። ኧርዝ በሌለበት በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያሉት ማጣሪያዎች በኬዙ ብረት ላይ የ220 ቮልቱን ግማሽ ያህል ያሳርፋሉ፤ ኬዙን ሲነኩት የሚነዝረው ለዚህ ነው። የሚፈሰው ኮረንቲ ጥቂት ነው፣ ነገር ግን ማሽኑም ሞኒተሩም ሶኬት ላይ እያሉ የኤችዲኤምአይ ኬብል መሰካት ስስ ዕቃን ሊጎዳ ይችላል። እንግዲህ ሁለቱንም ከሶኬት ነቅሎ፣ የመክፈቻ ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ የቀረውን ኃይል አስወጥቶ መሥራት ለእኛ ቤት ግዴታ ነው። ፕሮሰሰር የተቀየረለት ማሽን ተነስቶ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ማቀዝቀዣው በደንብ አለመቀመጡን ጠርጥሩ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው፤ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። ፋን እዚህ የሚያቀዘቅዘው ያንሳል ማለት ነው፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል በግዴለሽነት የተቀባ ፔስትም ይቅርታ አያገኝም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ሰው በማያውቀው ነገር እጁን ካስገባ ያባብሰዋል» የሚል ነው። ስጋቱ እውነት አለው፤ ፓወር ሰፕላይ ራሱን መክፈት ለማንም አልመክርም፣ ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ቮልቴጅ ይይዛል። ነገር ግን ያስገቡትን ዕቃ መልሶ ማውጣት ከማስገባቱ የከበደ ሥራ አይደለም። ያስገባው ባለሙያ ከሆነም ባለሙያው ያውጣው፣ ባለቤቱ እያየ። ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ይላል፦ «ገበያው ላይ ያለው ዕቃ የተነካካ ነው፣ ዕቃውን ብቻ ጠርጥሮ መመለስ ይበቃል።» ሊሆን ይችላል፤ ግን ደረሰኝ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ በሚጻፍበት ገበያ ጥርጣሬ ይዞ መሄድ ምን ይረባል? «ያለዚህ ራም ይነሳል፣ ከዚህ ራም ጋር አይነሳም» ብሎ ማሽኑን መገናኛ ሱቁ ድረስ ይዞ ሄዶ ፊት ለፊት ማሳየት የሚቻለው ፈተናውን ያደረገ ሰው ነው። ራሙ የሰርቨር ሆኖ ከተገኘም ሻጩ የሰጠው የተበላሸ ዕቃ ሳይሆን የማይስማማ ዕቃ ነው፤ ክርክሩም በዚያው ልክ ይለሰልሳል።

ሦስተኛው፣ ወደ ኋላ መመለስ የማይፈታው ጉዳይ መኖሩ ነው፤ ይህንን እቀበላለሁ። ባዮስ በሚታደስበት መሀል መብራት ከሄደ አሮጌውን ዕቃ መመለስ ምንም አያመጣም፤ ቦርዱ መነሻውን አጥቷል። ዩፒኤስ በሌለበት ቤት ዴስክቶፕ ላይ ባዮስ አታድሱ። በጉልበት ተገፍቶ የተሰነጠቀ ስሎት፣ የተጣመመ የፕሮሰሰር ሶኬት ፒንም አለ። እነዚህ ግን ሰው ምን እንዳደረገ ሲጠየቅ የሚታወቁ፣ በዓይንም የሚታዩ ናቸው። ቦርዱ በሕይወት መኖሩን የሚያሳይ ሌላ ርካሽ ምስክርም አለ፦ ራሙን በሙሉ አውጥቶ ማብራት። ስፒከር ያለው ቦርድ ራም እንደሌለው በጩኸት ከተናገረ፣ እሱም ፕሮሰሰሩም ሥራ ጀምረዋል፤ የሞተ ቦርድ አይጮህም። ኦፕቲፕሌክስ በብርቱካናማ መብራት፣ ኤችፒ በቀይ ብልጭታና በጩኸት ችግሩን ይቆጥራሉ፤ ብልጭታውን ቆጥሮ ከሞዴሉ መመሪያ ጋር ማመሳከር የማንም እጅ ላይ ያለ ሥራ ነው።

አንድ ነገር በተለይ ያሳስበኛል። ስክሪኑ ጨርሶ ላልበራ ማሽን «ፎርማት ይደረግ» የሚል ምክር አለ። ዊንዶውስ የሚነሳው ባዮስ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው፤ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ብትሰርዙ ስክሪኑ አይበራም፤ የሚጠፋው የቤተሰቡ ፎቶና የተማሪው ጽሑፍ ነው። የቦርዱን 3 ቮልት ባትሪ አውጥቶ ባዮስን ወደ መነሻው መመለስም ጠቃሚ እርምጃ ቢሆንም ከዚያ በኋላ የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ የሆነው ቢትሎከር ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ይቀመጣልና ማሽኑን ከመክፈታችሁ በፊት አግኝታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት።

ጥገና ላይ ለምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ «ቦርድ ነው» ብላችሁ ስትወስኑ ምን ነቅላችሁ፣ በምን ሞክራችሁ እዚያ እንደደረሳችሁ ለባለቤቱ ንገሩት፣ ቢቻል ደረሰኙ ጀርባ ላይ ጻፉለት። እናንተም ባለቤቶች ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት «በድሮው ራም ተሞክሯል ወይ?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። መልሱ «አልተሞከረም» ከሆነ ማሽኑን አታስቀይሩ።