«እስከ ዓርብ» ስንል

እንግሊዝኛ የሚያስተምር መጽሐፍ ሁሉ የጊዜ መስተዋድድ ላይ ሲደርስ «አት»ን ለሰዓት፣ «ኦን»ን ለቀን፣ «ኢን»ን ለወርና ለዓመት ያድላል። ድልድሉ ለጀማሪ መልካም ነው፤ ጣጣው ተማሪው ምክንያት ሲፈልግለት ነው። ጠዋት «ኢን ዘ ሞርኒንግ» ከሆነ ሌሊት ስለ ምን «አት ናይት» ሆነ? ያው ጠዋት የሰኞ ሲሆን ደግሞ «ኦን መንደይ ሞርኒንግ» ነው። ቅዳሜና እሑድን እንግሊዞቹ «አት ዘ ዊክኤንድ» ሲሉ አሜሪካኖቹ «ኦን» ይላሉ። ይህ ልማድ ነው፤ የእኛም ከዚህ አይሻልም። «ሰኞ እመጣለሁ» ስንል ምንም አንጨምርም፤ ሳምንት ሲሆን ግን «በሚቀጥለው ሳምንት» እንላለን። «ኢን ኔክስት ዊክ» የሚባለው ስሕተት የተወለደው ከዚያች «በ» ነው፤ እንግሊዝኛው እዚያ ቦታ መስተዋድድ አይሻም። ስለዚህ «አት»ን፣ «ኦን»ን እና «ኢን»ን ከሚከተላቸው ስም ጋር እንደ አንድ ቃል መያዝ ይበቃል። ድካም ካለ የሚገባው ለ«ባይ» እና ለ«አንቲል» ነው፤ ምክንያቱም እኛ ለሁለቱም ያለን አንድ «እስከ» ነው።

አማርኛ ሁለቱን የመለየቱን ሥራ ለግሡ ሰጥቶታል። «እስከ ዓርብ ቢሮ እገባለሁ» ያለ ሰው አሁን ቢሮ የለም፤ ቢዘገይ ዓርብ ይገኛል። «እስከ ዓርብ ቢሮ እቆያለሁ» ያለው ግን እዚያው ነው፤ የሚታጣው ከዓርብ በኋላ ነው። «እስከ» ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ግሡ ለያቸው። እንግሊዝኛው «አይ ዊል ቢ ኢን ዚ ኦፊስ» ብሎ ግሡን ሳይለውጥ ለመጀመሪያው «ባይ ፍራይደይ»፣ ለሁለተኛው «አንቲል ፍራይደይ» ይላል። አንዱን በሌላው የቀየረ ሰው መምጣቱን መሄድ፣ መሄዱን መምጣት አደረገው።

ሰሚው ከዐውዱ ይረዳል የሚሉ አሉ፤ ግማሽ እውነት አላቸው። ማመልከቻህን «አንቲል ፍራይደይ» አስገባ የተባለ ሰው ጆሮውን ቢቆረቁረውም ይገባዋል፤ ማስገባት ቀናት ሙሉ የሚቆይ ድርጊት አይደለምና። «አት» እና «ኦን» ቢደባለቁም ብዙ ጊዜ ከፈገግታ በላይ አያስከፍሉም። ፈተና ላይ የሚበዙት እነርሱ አይደሉም ወይ ለሚል ነጥቡን አልነፍገውም፤ የፈተና ነጥብ ግን ስሕተት ኑሮ ውስጥ ከሚያስከትለው ኪሳራ ጋር አይመጣጠንም። ዐውድ የማይታደገው አሉታው ሲገባ ነው። ተከራይ ለአከራዩ በአማርኛ «እስከ ዓርብ አልከፍልም» ቢል የእኛው ጆሮ እንኳ ያመነታል፤ ዓርብ ሊከፍል ነው ወይስ ዓርብም አልፎ ሊያዘገይ? እንግሊዝኛ ላይ ማመንታት የለም። በ«አንቲል» ከጻፈ አከራዩ ዓርብ ገንዘቡን ይጠብቃል፤ በ«ባይ» ከጻፈ ግን ዓርብ ደርሶም ኪራዩ እንደማይከፈል ነግሮታል።