ምንጣፉ እንዳይበላሽ

በእኛ ልጅነት በመንደራችን በፀዳ ድግስ ሲኖር ከወጡም ከጠላውም ቀድሞ የሚሰናዳው ወለሉ ነበር። ዋዜማውን ትኩስ እበት በውኃ ይበጠበጥና እናቶቻችን ጎንበስ ብለው ከጓዳ እስከ ደጃፍ በመዳፋቸው ይለቀልቁታል። ሲደርቅ አረንጓዴነቱ ይጠፋና አመድማ ይሆናል፤ የጣቶቻቸው መስመር ግን እንደ ቀስት ጎብጦ መሬቱ ላይ ይቀራል። ማለዳ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ መደቡ ላይ ቁርበት ወይም አጎዛ ይነጠፋል፤ ኑሮው ደህና የሆነ ደግሞ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ይደርብበታል።

እዚያ ወለል ላይ ቡና ቢደፋ ማንም አይደነግጥም። መሬቱ ይጠጣዋል። ወጥ ቢንጠባጠብ ቄጠማው ይቀበለዋል፣ በማግስቱም ከነቄጠማው ተጠርጎ ይወጣል። ሕፃን ሲያጠፋ አመድ ይነሰነስበታል፣ ይጠረጋል፣ አለቀ። እንግዳ ጭቃ ይዞ ቢገባ ነውሩ የክረምቱ እንጂ የእሱ አይደለም።

ያንን ዘመን ያለ እንከን ማሞገስ ግን እውነት አይሆንም። ቁንጫው እንቅልፍ ይነሳ ነበር። ልቅለቃው የሴት ሥራ ነበር፣ ወገብም ያጎብጣል፤ እናቶቻችን ሲሚንቶ ወለል ሲያዩ ለምን እንደተደሰቱ አውቃለሁ፣ ደስታቸውም ይገባቸዋል።

ከሲሚንቶው ቀጥሎ ፕላስቲክ ምንጣፍ መጣ፣ ከዚያም ጠጉራሙ ምንጣፍ። አንዱ ከመርካቶ ምንጣፍ ተራ ተጭኖ ይመጣል፣ ሌላውን ከዐረብ አገር የተመለሰች ልጅ ጠቅልላ ታመጣዋለች። ላቧን ያፈሰሰችበት ነውና ብትሳሳለት አይፈረድባትም። እኔን የሚከነክነኝ ከምንጣፉ ጋር የገባው ፍርሃት ነው።

ባለፈው ክረምት ጎረቤት ቡና ተጠርተን አንዲት አሮጊት ከዝናብ ገቡ። የላስቲክ ጫማቸው ጭቃ ነበር። ሳሎኑን ዳር እስከ ዳር የሸፈነውን ክሬም ምንጣፍ አዩና እግራቸውን መልሰው ደፉ ላይ ቆሙ።

«ኧረ ይግቡ እማማ፣ ጫማዎን ብቻ ያውልቁ» አለች የቤቱ ልጅ፣ በአክብሮት።

«የለም ልጄ፣ እዚሁ ይሻለኛል» አሉና በሩ ሥር ዱካ ስበው ተቀመጡ። እግራቸውም እንደ ጫማቸው ርሶ ነበርና ማውለቁ መፍትሔ አልሆናቸውም። ቡናው በረንዳ ላይ ተፈላ፤ ሳሎኑ ባዶውን ዋለ።

ይህንን ጭንቀት ለመገላገል ሳይንስ ብዙ ደክሟል። የምንጣፍ ክር የሚሆነውን ናይለን ዋላስ ካሮዘርስ የሚባል ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ ሠራው። ክሩ ጠንካራ ነው፤ ድክመቱ ጫፍ ጫፉ ላይ አሚን የሚባሉ ክፍሎች ያሉት መሆኑ ነው። አሲድነት ያለው መጠጥ ሲፈስበት እነዚህ ክፍሎች ፖዘቲቭ ቻርጅ ይይዛሉ፣ በመጠጡ ውስጥ ያለውን ኔጌቲቭ ቀለም ስበው ያስቀራሉ። ኬሚስቶቹ የዘየዱት መላ ቦታውን በሌላ ነገር ቀድሞ ማስያዝ ነው፤ የሰርግ ዳስ ውስጥ ቤተ ዘመድ ወንበሩን ሁሉ ይዞት ዘግይቶ የመጣው ቆሞ እንደሚቀረው ማለት ነው። ዱፖንት እንዲህ ያለውን ምንጣፍ እ.ኤ.አ. በ1986 ስቴይንማስተር ብሎ ለገበያ አቀረበው።

ሁለተኛው መንገድ ክሩን ውኃም ቅባትም እንዳያርሰው በፍሎሪን ውሑድ መቀባት ነው። የ3ኤም ኩባንያ ተመራማሪዎች ፓትሲ ሸርማንና ሳም ስሚዝ ወደዚህ የደረሱት በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የሙከራ ፈሳሽ በአንዲት ረዳት የሸራ ጫማ ላይ ተደፋ፤ የተደፋበት ቦታ ከዚያ በኋላ አልቆሽሽ አለ። ከዚያ ስኮችጋርድ የሚባለው መከላከያ ተወለደ።

ይህ ሁሉ ጥበብ ግን የእኛን ማዕድ አስቦ የተሠራ አይደለም። ቦታ የማስያዙ መላ ብርቱ የሆነው ቻርጅ ባለው ቀለም ላይ ነው፣ ለምሳሌ የአሜሪካ ሕፃናት በሚጠጡት ቀይ መጠጥ ላይ። የበርበሬ ቀለም በቅቤና በዘይት ሟሙቶ የሚመጣ ነው፤ የአልጫው እርድም ወደ ናይለን ለመግባት ቻርጅ አያስፈልገውም። ምንጣፉን በዱቄት ሳሙና ደጋግመው ከፈተጉት ደግሞ የሳሙናው አልካላይነት መከላከያውን ራሱን አጥቦ ይወስደዋል። ገበያችን ላይ የሚበዛው የቱርክ ምንጣፍ ደግሞ አብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ እሱ የውኃ ቀለም ባይዝም ቅባት ይወዳል።

ከዚህ የሚብሰው የፍሎሪኑ ነገር ነው። ካርቦንና ፍሎሪን አንድ ጊዜ ከተያያዙ ፀሐይም ተሕዋሲያንም በቀላሉ አይለያዩአቸውም። ለምንጣፉ የጠቀመው ይኸው ጽናት ውኃና ደም ውስጥ ሲገባ ጉዳት ሆነ። 3ኤም እ.ኤ.አ. በ2000 ከእነዚህ የፍሎሪን ውሑዶች አንዱ የሆነውን ፒፎስ ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በቀላሉ የማይጠፉ ኬሚካሎችን የሚቆጣጠረው የስቶክሆልም ስምምነት በዝርዝሩ አስገባው። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ሆም ዲፖ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ቸርቻሪ እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ በዚህ የፍሎሪን ውሑዶች ቤተሰብ ኬሚካሎች የተቀባ ምንጣፍ መግዛት አቁሟል።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እነዚህን ኬሚካሎች በጣና ውኃ፣ በደለሉና በአሳው ውስጥ አግኝቷቸዋል። መጠኑ ዝቅተኛ ነው፤ አሳውን ለሚበላ ሰው የሚያሰጋ እንዳልሆነም ተመራማሪዎቹ ጽፈዋል። የመጡት ከእኛ ምንጣፍ ነው ማለቴም አይደለም። ነገር ግን በአዘዞ በኩል የሚያልፈው የመገጭ ወንዝ ደምቢያን አቋርጦ የሚገባው ጣና ነው፤ ምንጣፍ አጥበን የምንደፋው እድፍም ጎርፍ ሲመጣ ወደዚያው ነው። ዛሬ ዝቅተኛ የሆነውን ዝቅተኛ አድርጎ ማቆየት በእጃችን ያለ ነገር ነው።

ስለዚህ ምንጣፍ ልትገዙ የምትሄዱ ወገኖቼ፣ ከዋጋው ፊት ክሩ ከምን እንደተሠራና እድፍ እንዳይዝ ምን እንደተቀባ ሻጩን ጠይቁት። ሊነግራችሁ ካልቻለ እድፍ አይዝም የሚለውን ቃሉን ብላችሁ ገንዘብ አትጨምሩለት። ቅባት ሲፈስ ቶሎ በጨርቅ አንሱት፣ አትፈትጉት። ሽማግሌና አሮጊት ለቡና የጠራችሁ ቀን ደግሞ ምንጣፉን ጠቅልላችሁ ጥግ አቁሙትና ሳሎኑን ለእንግዶቻችሁ ልቀቁላቸው።